ጥበቃ የሚማረው እንድሪስ

እንድሪስ መሞቱን የሰማሁት በስልኬ ከመጣ የድምፅ መልእክት ነው። የላከችው ሚስቱ ዘይነባ ናት፣ ከኮምቦልቻ። ጉበቱን ታሞ ከርሞ ኖሯል፤ እኔ አልሰማሁም። «አያ ሙሄ፣ አብረውት ስለኖሩ ይወቁት ብዬ ነው» ትልና ልቅሶው ያሸንፋታል፣ ድምፁም እዚያ ላይ ያልቃል። ግቢው ውስጥ ላሉት አሰማኋቸው። ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ «አላህ ይዘንለት፣ ደግ ሰው ነበር» አሉ።

ደግ አልነበረም። የሞተ አይወቀስም ይባላል፣ አውቃለሁ። ግን ደግ ሰው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፣ እንድሪስ እንዲያ አይደለም። እንድሪስ አስቸጋሪ ነበር። በዚህ በዓረብ አገር፣ በጂዛን ምድር፣ ሙቀቱንም አሠሪዬንም ጨምሬ፣ እንደሱ ያናደደኝ የለም። ሞቱን ስሰማም ልቅሶ እንቢ አለኝ፤ ንዴት ነው የመጣው። ያን ወረቀቱን ሳይዝ ሞተ። ሊይዘው ይችል ነበር። ፈተናው ፊት ቀርቦ፣ ግባ ተብሎ ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ወረቀቱ ምን እንደሆነ ልናገር።

እንድሪስ ኮምቦልቻ ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራ የነበረ፣ ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ያለው ጎልማሳ ነው። አገር ሲታመስ ሥራው ቀረ። እንደሌላው ወገን በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ወደዚህ ገባ። ፈይፋ ተራራ ላይ፣ በዚያ እንደ ደረጃ በተካበው እርሻ፣ ቡና ሲለቅምና ድንጋይ ሲክብ ከረመ። ከዚያ ከተራራው ሥር ወዳለው ወደ እኛ ሆሽ ወረደ። ሆሽ የምንለው ግቢ ነው፤ የከፊሌ፣ የአሠሪዬ የአቡ ናስር፣ የውሃ ቦቴና ጄኔሬተር፣ የቡናና የመኖ ጆንያ የሚቀመጥበት። እኔ የዚያ ግቢ ሐሪስ ነኝ፣ ጥበቃ። ኢቃማ አለኝ፣ በመኖሪያ ወረቀት ነው የምኖረው። እንድሪስ ኢቃማ የለውም። ያለው በፕላስቲክ ጠቅልሎ ባሕሩን ያሻገረው ፓስፖርቱ ብቻ ነበር።

ጆንያ ሲያወርድ ይውላል። ባረፈ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ያነባል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያጎነበሰህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ፈተና አለብኝ አያ ሙሄ። እያጠናሁ ነው።»

«የምን ፈተና?»

«የጥበቃ።»

«ለጥበቃ ፈተና አለው?»

«አለው።»

ገብሬ ሰምቶ ሳቁን ለቀቀው። ገብሬ የራያ ሰው ነው፣ የቦቴው ረዳት፣ አፉ አያርፍም። «እንዴ አያ ሙሄ፣ እስከ ዛሬ ሳይፈተኑ ነው የሚጠብቁት? ከፊሉ እንዳይሰማ» አለ።

እንድሪስ አልሳቀም። እሱ የሚማረው የመረጃ ጥበቃ እንደሆነ ነገረን። ባንክ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ ያለ የሰው ስም፣ የሰው ሂሳብ፣ የሰው ሚስጥር የማይገባው እጅ እንዳይገባ መጠበቅ። ፈተናውን ያለፈ ወረቀት ይሰጠዋል። ዱባይ ያለ የድሮ የሥራ ጓደኛው «ወረቀቱን ብቻ ያዝ፣ ቪዛ ተልኮልህ ትገባለህ፤ ሚስትና ልጅህንም ታመጣለህ» ብሎታል። «በአውሮፕላን ነው የምገባው፣ በበር» ይል ነበር እንድሪስ። በበር የሚለውን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል፤ በመስኮትና በአጥር ለገባ ሰው በር ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን፣ ይማር። እኔ ምን አገባኝ። ያናደደኝ የተማረውን እኛ ላይ መሞከሩ ነው።

የመጣ ሰሞን ክፍሌ ገባ። ከፊሉ ካሜራ አስገጥሟል፤ ምስሉ የሚታይበት ማያ ያለው እኔ ጋ ነው። የገጠመው ሰውዬ መክፈቻ ቁጥሩን ፕላስተር ላይ ጽፎ ከማያው ሥር ለጥፎልኛል። እንድሪስ ጎንበስ ብሎ አየውና፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቁጥሩ ነው። እንዳይጠፋ።»

«ለማን እንዳይጠፋ?»

«ለሚፈልገው ሁሉ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። መርዶ የሰማ ነበር የሚመስል። ፕላስተሩን ልጦ እጄ ላይ አስቀመጠና «ያጥኑት» አለኝ።

«እኔ ፊደሉንም የቆጠርኩት ተገርፌ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ቁጥር አላጠናም።»

«እንግዲያው ካሜራው የእርስዎ አይደለም። የገባው ሁሉ ነው።»

መልሼ ለጠፍኩት። እሱ ባየው ቁጥር ይልጠዋል፣ እኔ ባየሁ ቁጥር እለጥፈዋለሁ። ሙጫው አልቆ አልይዝ እስኪል ድረስ እንዲህ ስንተናነቅ ቆየን። በመለጣጠፉ ብዛት ቁጥሩ ሳላስበው አፌ ላይ ገባ፤ ያን ጊዜ ፕላስተሩን ጣልኩት። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። እንዲደሰት አልፈለግሁም።

አንድ ነገር ስትጠይቀው ቀጥታ አይመልስልህም። «ማን ፈለገው?» ይላል መጀመሪያ። «እንድሪስ፣ ሰዓት ስንት ነው?» ብትለው እንኳ «ማን ፈለገው?» ያመልጠዋል፣ ከዚያ ራሱ ይስቃል። ፈይፋ ላይ የት እንደኖረ፣ ከማን ጋር እንደመጣ፣ ጠይቀን ጠይቀን ደከመን። «ብትነግረን ምን እናደርገዋለን?» ብዬ ተቀይሜ ነበር። «ምንም አያደርጉትም» አለኝ። «ግን ያላወቁትን ሰው ቢጠይቅዎት መዋሸት አይኖርብዎትም። አላውቅም ይላሉ፣ እውነት ነው።» ነገሩ ልክ ይመስላል፤ ሆድህ ውስጥ ሲገባ ግን ቅር ይላል። ወሎ ላይ የማን ልጅ ነህ፣ የት ነው አገርህ ሳይባባሉ ሰው እንዴት አብሮ ይበላል?

የስልኩን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ከሰዓት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አነሳሁ። «አሰላሙ ዐለይኩም አያ ሙሄ፣ እንዴት ከረሙ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ አገር ቤት ደህና ናቸው ወይ፣ ከብቱስ» አለ። የወሎ፣ የቃሉ ሰው ድምፅ ነው፣ ልስልስ ያለ። እኔም መለስኩ። ዝናቡን ተጠያየቅን፣ አዝመራውን ተጠያየቅን። የት እንዳለሁ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከእናንተ ጋር የአገር ሰው አለ ወይ አለኝ፣ አሉ፣ እነ እገሌ አልኩት። ከፊላችሁ እንዴት ነው፣ ሁልጊዜ አብሯችሁ ነው አለኝ፤ የለም፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል አልኩት። ሰላምታ ነው። ስዘጋ እንድሪስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ማን ነው?»

«የአገር ሰው።»

«ስሙስ?»

«አልነገረኝም።»

«አልጠየቁትም።»

«እንዲያ አድርጎ ሰላም ያለኝን ሰው ማን ነህ ልበለው? ምን ይለኛል?»

«ይኸውልዎት» አለ፣ የጠፋበትን እንዳገኘ ሰው። «ምን ይለኛል። ይቺ ናት። አያ ሙሄ፣ ሌባ በር አይሰብርም፤ ይሉኝታን ይዞ ነው የሚገባ። የማጠናው መጽሐፍ ረጅም ስም ሰጥቶታል። የእኛ አገር ስሙ ግን ይሉኝታ ነው።»

ለካ ደዋዩን ያስደወለው ራሱ ነው። ፈይፋ የሚያውቀው ሰው ነው። ሊፈትነኝ።

እርር ድብን አልኩ። «ሰላምታን ወጥመድ አደረግኸው? በእኛ አገር ሰላምታ ይጠመዳል?» አልኩት። እሱ አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው የባሰው። «ድንበሩ ላይ ሰው እያገቱ ወደ ቤተሰብ የሚደውሉት እኮ እንዲህ ለስልሰው ነው አያ ሙሄ። ስድብ ቢሆን እናትየው ትዘጋባቸው ነበር» አለኝ። እስከ ዓርብ አላናገርኩትም። ገብሬ ብቻ በየቀኑ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ከብቱስ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ደግሞ የቁልፉ ነገር። የግቢው ቁልፍ ሁሉ ወገቤ ላይ ነው፣ ስሄድ ያንሿሿል። እንድሪስ ድምፁን በሰማ ቁጥር ሁለት ጣቱን ያነሳብኛል። ሁለት ሰው ማለቱ ነው። አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይመልከት፤ የመጋዘኑንም የቦቴውንም የካሜራውንም አንድ ሰው አይያዝ። ያን ጊዜ ጣቶቹን ይዤ ልጠመዝዛቸው ያምረኛል።

«ሌባ ነኝ?» አልኩት።

«አልወጣኝም።»

«አደራው የተሰጠው ለእኔ ነው። ለሁለት የተከፈለ አደራ አይቼ አላውቅም።»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉ የለ? እርስዎን አይደለም የምለው። ቢታመሙስ? ሌላ ሰው አስገድዶ ቢይዝዎትስ?» አለና፣ ትንሽ ቆይቶ «አገር ቤት የሄዱት መቼ ነው?» አለኝ።

«ምን አገባህ?»

«መጽሐፉ የግዴታ ዕረፍት ይላል። ቁልፍ የያዘ ሰው በየጊዜው የግድ ርቆ መሄድ አለበት። እሱ ሳይኖር ሥራው ምን እንደሚመስል እንዲታይ።»

እዚህ ላይ ቆሽቴ አረረ። እኔ አገሬን ካየሁ ዘመን የለውም። ዕረፍት ብዬ ብጠይቅ ከፊሉ እሺ ይለኛል፤ ስመለስ በሩን የሚከፍትልኝ ሌላ ሐሪስ ነው። እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት በዚህ ምክንያት ነው። «ያን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ከፊል የሚባል ነገር አያውቅም» አልኩት። እንድሪስ መሬት መሬት አየ። «ልክ ነዎት፣ እሱን አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ። አብረን ስንኖር ልክ ነዎት ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም በሳምንቱ የቦቴውን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቼ ለገብሬ ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አላውቅም። ያሸነፈኝ በእሷ ብቻ ነው።

ምሳ ላይ ሩዙን ከበን ስንበላ ጥያቄ ይጠይቀናል። እኛን ሊያስተምር ሳይሆን ራሱ እንዳይረሳ። አንዱን አልረሳውም።

«ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ክፍል እሳት ተነሣ። መጀመሪያ የሚድነው ምንድን ነው?»

«ትልቁ ኮምፒውተር» አለ ገብሬ።

«ቁልፉ» አልኩ እኔ። ሳቁብኝ።

«ሰው ነው» አለ እንድሪስ። «ከመልሶቹ ውስጥ ሰው የሚል ካለ ሁልጊዜ እሱ ነው። ማሽን ይገዛል፣ ሰው አይገዛም።»

«በድንበሩ በኩል ይገዛል» አለ ገብሬ፣ ሩዙን እየጠቀለለ። ማንም አልሳቀም።

ፈተናው የሚያዘው በኮምፒውተር ነው፣ የባንክ ካርድ ይፈልጋል። እኛ ካርድ የለንም። ከሆሹ ፊት ለፊት ሷሊህ የሚባል የመን ሰው በቃላ አለው፣ ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅ። ሷሊህ ካርድ አለው፣ ኮምፒውተርም አለው፣ ልቡም ሰፊ ነው። እንድሪስ ከጉልበቱ የቆጠበውን ሰጠው፤ ሷሊህ ደንበኛ እያስተናገደ፣ በመካከሉ ደግሞ እየጻፈ፣ ሻይ አስቀድቶልን አስመዘገበው። ለድካሙ ሰባራ ሳንቲም አልቀበልም አለ። መልሱ የመጣው በሷሊህ በራሱ ስልክ ነው። «ኸላስ፣ ተመዝግበሃል» አለና ቀኑንና ሰዓቱን በአፉ ነገረው። እንድሪስ የሱቁ ደፍ ላይ ትንሽ ቆመ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና ወጣን።

የፈተናው ቀን ከፊሉን አስፈቅጄ አብሬው ሄድኩ። ኢቃማ ያለው ሽማግሌ ከፊት ወንበር ሲቀመጥ መንገድ ላይ ብዙም አይጠየቅም። ደግሞም ፈተና ክፍል ስልክ አይገባም፤ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ከገብሬ የተዋሰው ነጭ ሸሚዝ እጀታው አጥሮታል። በመንገዱ ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሹፌሩ ቁርአን የሚቀራ መስሎት ሬዲዮውን ዘጋለት።

ፈተናው የሚሰጥበት ቤት ጂዛን ከተማ ነው፣ ፎቅ ላይ፣ በማቀዝቀዣ ብዛት ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የአገሩ ወጣት ተቀምጧል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ፓስፖርቱን ተቀበለ፣ ማያውን አየ፣ እንደገና ፓስፖርቱን አየ።

«እዚህ ያለው ኢድሪስ ነው» አለ በአረብኛ። «ፓስፖርትህ እንድሪስ ይላል።»

ሷሊህ ነው። ለሷሊህ እንድሪስ የሚባል ስም በዓለም ላይ የለም፤ ኢድሪስ ነቢዩ ናቸው። የሰማውን ትቶ የሚያውቀውን ጻፈ።

ወደ እንድሪስ ዞርኩ። «ሲጽፍ አላየኸውም እንዴ?» አልኩት በአማርኛ።

«አሳየኝ ልለው ነበር።»

«እና?»

«ያን ያህል ደክሞልኝ፣ ሻይ አጠጥቶኝ ... አላመንኩህም ማለት መሰለብኝ። ምን ይለኛል ብዬ ...» አለና ቀሪውን ዋጠው። ሰማሁት። እሱም አፉ ምን እንዳወጣ ሰማው። ፊቱ ወዲያው አመድ መሰለ። ብዙ የሚባል ነበር።

ይልቅ ወደ ልጁ ጠጋ አልኩ። «ልጄ፣ ይህን ሰው አውቀዋለሁ። አብሬው ነው የምኖረው። በእኛ አፍ እንድሪስ፣ በእናንተ አፍ ኢድሪስ፤ ሰውዬው አንድ ነው። ወላሂ እሱ ነው» አልኩት። ልጁ ፊቴን አየኝ። ጢሜን አየ፣ እጄን አየ። ፈገግ አለ።

«ኸላስ ያ ሐጅ። ማዐሌሽ፣ ግድ የለም፣ ይግባ» አለና የፈተናውን ክፍል በእጁ አሳየ።

ይግባ አለ። በዚህ ጆሮዬ።

እንድሪስ አልተንቀሳቀሰም። «በምን አወቅህ?» አለው ልጁን።

«ምኑን?»

«የተመዘገበው እኔ መሆኔን።»

«ሐጁ ማሉልህ እኮ።»

«እሳቸው ለአገራቸው ሰው ሁሉ ይምላሉ» አለ እንድሪስ። «ነገ ሌላውን ይዘው መጥተው ይምሉልሃል። ያኔም ታስገባለህ?»

ልጁ ግራ ገባው። «አንተ መፈተን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ። በስሜ።»

«እንግዲያው ስምህን አስተካክለህ ሌላ ቀን ተመዝገብ። እኔ ምን ላድርግህ?»

እንድሪስ ፓስፖርቱን ወሰደ። ልጁን ጨበጠው፣ ውለታ እንደዋለለት አድርጎ። ከዚያ ደረጃውን ቀድሞኝ ወረደ።

ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ታገሥኩ። ከገባን በኋላ አልቻልኩም።

«ሰው ይቀድማል ስትል አልነበር? መልሱ ሁልጊዜ ሰው ነው ስትል አልነበር? አንተ ሰው አይደለህም?»

«እሱ እሳት ሲነሣ ነው አያ ሙሄ።»

«ይሄ እሳት አይደለም? ሚስትህ ኮምቦልቻ፣ አንተ እዚህ ጆንያ ሥር። ይሄ እሳት ካልሆነ የቱ ነው እሳት?»

«የጥበቃ ወረቀት በማጭበርበር ይያዛል?»

«የቱ ነው ማጭበርበሩ? አንተ አንተ ነህ። እኔ አውቅሃለሁ።»

«እርስዎ ያውቁኛል» አለ። ወደ መስኮቱ ዞረ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አሳየኝ ማለት ነበረብኝ። የማልለው ሰው የለም፤ እርስዎን እንኳ ስንቴ አስቀየምኩ። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ አፈርኩ።» ጠረጴዛው ፊት አስቦ እምቢ ማለቱ ይሁን፣ ወይስ በዚያ ሻይ ማፈሩ አቃጥሎት ራሱን መቅጣቱ ይሁን፣ ለይቼ አላወቅሁም። ዛሬም አልለየሁትም። ብጠይቀው ደግሞ ማን ፈለገው ይለኝ ነበር።

ጠዋት ስናልፍ ተፍቲሹ ላይ፣ ፍተሻው ላይ ማለት ነው፣ ማንም አልነበረም። ስንመለስ ቆመዋል። ፈተናው ብዙ ሰዓት የሚወስድ ነበር፤ ተቀምጦ ቢፈተን ኖሮ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ አናልፍም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ እንቢ ይለኛል።

ወታደሩ ኢቃማዬን አይቶ መለሰልኝ። «ኢቃማ አለው?» አለኝ፣ ወደ ኋላ ወደ እንድሪስ እያመለከተ። «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ለሕክምና ነው ያመጣሁት» ማለት ጀመርኩ። እንድሪስ ፓስፖርቱን በመስኮቱ ሰጠው። ወታደሩ አውርዶት ስሙን መጻፍ ጀመረ። እንድሪስ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየና፣

«ኢድሪስ አይደለም፣ እንድሪስ ነው። በኢ እና በድ መካከል ኑን የምትባለው ፊደል አለች» አለው።

«ምን ለውጥ አለው?» አለ ወታደሩ።

«ሌላ ሰው ነው።»

ወታደሩ ትከሻውን ነቅንቆ ሰረዘና አስተካክሎ ጻፈ። ሹፌሩ «መጅኑን ነው?» አለኝ፣ ዕብድ ነው ወይ ማለቱ ነው። እንጃ አልኩት። በዚህ አገር ላይ የእንድሪስ ስም በትክክል የተጻፈው ወደ አገሩ በሚመልሱት ሰዎች ወረቀት ላይ ነው።

ከመላኩ በፊት ልብስ ይዤለት ሄድኩ። ተርሂል በምንለው፣ የሚባረሩት በሚቆዩበት ቤት፣ በፍርግርግ መካከል አየሁት። ከስቷል። ሰውነቱን ያካል። ስደርስ አጠገቡ ላለው ሰው፣ የተሰጠውን ስልክ ለማን ማዋስ እንዳለበትና እንደሌለበት እያስረዳ ነበር፤ ሰውዬው ሰልችቶታል። ልብሱን አቀበልኩት። ስለ ጤና ተጠያየቅን።

«ተቀየሙኝ» አለኝ።

«ለሁሉ ይምላሉ አልከኝ። በሰው አገር፣ ልጄ በሚሆን ሰው ፊት።»

«አይምሉም?»

«ለአገሬ ሰው? እምላለሁ። ለምን አልምል? ግን ላንተ የማልኩት እውነት ነው።»

«እውነት ነው» አለ። «ልጁ ግን የቱ መሐላዎ እውነት፣ የቱ ውለታ እንደሆነ በምን ይለያል?»

በር ላይ የቆመው «ያላ፣ ያላ» አለኝ፤ ጊዜው አልቋል። እንድሪስ ልብሱን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አገሩ ገብቶ አንድ ጊዜ ድምፅ ልኮልኝ ነበር። አዲስ አበባ ሊፈተን ራሱ በእጁ ተመዝግቧል፣ ስሙንም ዘይነባ አይታለታለች። ከዚያ ሆዴን ያመኝ ጀመረ አለ፤ ቀላል ነው አለ።

እኔ ያን የተርሂሉን ጥያቄ፣ ልጁ በምን ይለያል ያለኝን፣ ይዤው ኖርኩ። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አመነዥከዋለሁ። አንድ ቀን መልሱ መጣልኝ። ልጁ እኮ ፊቴን አይቶኝ ነበር። ማያውን ትቶ፣ ቀና ብሎ፣ ፊቴን አየኝ፤ ከዚያ ነው ይግባ ያለው። ሰው ሰውን የሚለየው በዚያ ነው። እኔ ዘመኔን ሁሉ በር ላይ የቆምኩት በዚያ ነው፤ ገቢና ወጪውን ፊት እያየሁ። ይህን በድምፅ እልክለታለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል፣ አሳምሬ ልበለው ስል፣ የዘይነባ ድምፅ ቀደመኝ።

ቢሰማው እሺ አይልም። ፊት ይዋሻል ይለኝ ነበር፤ መጽሐፉን ይጠቅስብኝ ነበር፤ ይከራከረኝ ነበር። ምነው በተከራከረኝ።